ምዕራፍ ስድስት፦ እንግዳ ፍጥረታት ከማን እጅ ይወጣሉ?

ሐዋሳን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሲደርስ፣ ከሐይቁም ከዓሣውም በፊት ዓይኑ የሚያርፈው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ላይ ነው። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ራሱ ላይ ላባ የለውም፤ አንገቱ ሥር ቀላ ያለ የቆዳ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል። ዓሣ የሚሰነጥቁት ወጣቶች የቆሮሶና የአምባዛ አንጀት እስኪወረውሩለት ድረስ እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ብሎ ይጠብቃል። እንግዳው ሰው ልጁን ወደ ኋላው ይስባል፣ ቀጥሎም ስልኩን ያወጣል። ዓሣ ሰንጣቂው ግን ወፉን በክርኑ ገፋ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል።

ወፉ ያው ወፍ ነው። ለአንዱ አስፈሪ፣ ለሌላው ጎረቤት ያደረገው የተመልካቹ ልማድ ነው። ደግሞም አባ ኮዳ ላይ የሚያስደነግጠን ነገር ሁሉ ሥራ አለው። ራሱ የተመለጠው ጥንብ ውስጥ ሲያስገባው ደምና ስብ ላባው ላይ እንዳይደርቅበት ነው። እግሩ ኖራ የተቀባ የሚመስለው በገዛ ኩሱ ስለሚሸፍነው ሲሆን፣ ይህም በሙቀት ጊዜ ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። «ምን ይመስላል?» ብለን ከጠየቅን «አስቀያሚ» ብለን እናልፋለን። «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ? ከምንስ ተሠራ?» ያልን ቀን ግን ማየት እንጀምራለን።

ባለፈው ምዕራፍ የተነጋገርነው ስለ ነገሥታትና ስለ ጀግኖች ሐውልቶች ነበር። እዚያ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሐውልቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ። በዚህ ምዕራፍ የምንቆምባቸው ቅርጾች ግን ስም የላቸውም። ሰው እንዳይባሉ ሰው የሌለው አካል አላቸው፤ እንስሳ እንዳይባሉ በየትኛውም በረት ወይም ዱር አይገኙም። እንዲህ ያለ ሥራ ፊት የቆመ ተመልካች የመጀመሪያ ጥያቄው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ነው። መልስ ካላገኘ «ዘመናዊ ጥበብ ለኛ አይደለም» ብሎ ይወጣል። ይህን ሰው እዚሁ በር ላይ ልመልሰው እፈልጋለሁ። የሚፈልገው መልስ ያለው በፍጥረቱ ስም ውስጥ ሳይሆን በተሠራበት ነገርና በሠራው እጅ ውስጥ ነውና። በአገራችን ይህ እጅ የማን እንደነበረ ስንከተል ደግሞ ከጥበብ አልፎ የሚያሳፍር ቦታ ላይ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ግን ዓይናችን ፍጥረት ለማየት ምን ያህል እንደሚቸኩል እንወቅ። ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን፣ ከሥራቸው አንድ መስመር፤ አንጎላችን ወዲያው ፊት ያደርገዋል። የግድግዳ ሶኬት፣ የመኪና የፊት መብራት፣ የተቆረጠ ግንድ ሁሉ ያዩናል። የአንጎልን እንቅስቃሴ የለኩ ተመራማሪዎች፣ ፊት የሚመስል ዕቃ ባየን ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ልክ የእውነት ፊት እንዳየን ያለ ምላሽ እንደምንሰጥ አሳይተዋል። ዝንጀሮዎችም እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሌላው ለይተው ዓይናቸውን ይተክሉበታል። ጫካ ውስጥ ነብርን ዛፍ ብሎ ከማለፍ ዛፍን ነብር ብሎ መደንገጥ ይሻላል፤ ከደንጋጮች ተወልደናል። ቀራፂው ይህን ያውቃል። ከፍጥረት አንድ ምልክት ብቻ ይሰጠንና የቀረውን እኛ እንድንሞላው ይተወዋል።

እ.ኤ.አ. በ1942 ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ፓብሎ ፒካሶ አንድ አሮጌ የብስክሌት ኮርቻ ከአንድ መሪ ጋር አጋጥሞ የበሬ ራስ አደረጋቸው። ኮርቻው ግንባርና አፍንጫ፣ መሪው ቀንድ ሆነ። ምንም የተጨመረ ነገር የለም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ የልጁን ሁለት አሻንጉሊት መኪናዎች ሆድና ሆዳቸውን አገናኝቶ የዝንጀሮ ፊት ሠራ፤ ሆዷ ትልቅ እንስራ ነበር፣ ጭራዋ የመኪና ባሌስትራ። እነዚህን ሥራዎች የሚያስወድዳቸው ማታለላቸው አይደለም። በሬውንም ብስክሌቱንም በአንድ ጊዜ ማየታችን ነው። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ነገሩ ነፍስ የዘራ ይመስላል። በገጠር ያደገ አንባቢ ይህን ከፒካሶ አልተማረውም። ዝናብ ካባራ በኋላ ጭቃ ያድበለበለ ልጅ ሁሉ፣ ሁለት ቀንድና አንድ ሻኛ ከሰጠው የቀረው በሬ ራሱ እንደሚመጣ ያውቃል።

ይህ ልማድ የሰው ልጅን ያህል አርጅቷል። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ሆለንሽታይን በተባለ ዋሻ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ከማሞዝ ጥርስ የተቀረጸ ሥራ ተሰባብሮ ተገኘ። ስብርባሪው ወደ 30 ዓመት ያህል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ሲገጣጠም፣ የአንበሳ ራስ ያለው፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወጣ። ቁመቱ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ነው። በዚያው ዘመን ዓይነት የድንጋይ መሣሪያ መልሶ ለመሥራት የሞከረ ባለሙያ ከ300 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። በብርድና በረሃብ መሐል የሚኖር ማኅበር አንድን ሰው ከአደን ነፃ አድርጎ፣ በዓለም ላይ የሌለ ፍጥረት እንዲቀርጽ ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶታል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ለጥበብ የተሰጠ ድምፅ አላውቅም።

ወደ እኛ እንመለስ። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ በዲላ መንገድ የሚሄድ ሰው ከ90 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጌዴኦ ይገባል። በእንሰትና በቡና መሐል፣ ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ በተባሉ ስፍራዎች፣ ድንጋዮች ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ወድቀዋል። አንዳንዱ የወንድ ብልት ቅርጽ አለው፣ አንዳንዱ ፊት ተቀርጾበታል፣ በአንዳንዱ ላይ ሁለቱም ተገናኝተው ድንጋዩ ሰው ይሁን አካል ክፍል መለየት ያስቸግራል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ድንጋዮቹ የቆሙት በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል፤ ቀድሞ ከሚገመተው በሺህ ዓመት ይበልጣል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐዋሳ ተቀምጦ «እንግዳ ቅርጽ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው የአንድ ማለዳ መንገድ ብቻ ይቀረዋል።

ኮንሶ ደግሞ በእንጨት ነው የተናገረው። ዋካ የሚባሉት ቅርጾች ለጀግና የሚቆሙ መታሰቢያዎች ናቸው፤ ጠላት ለገደለ፣ አውሬ ለጣለ፣ በማኅበረሰቡ ለተከበረ ሰው። እሱ መሐል ይቆማል፣ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የጣላቸው ጠላቶችና አውሬዎች በተርታ። አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአንድ ግንድ የወጣ ስለሆነ ትከሻው ከግንዱ ውፍረት አይሰፋም፤ ክንዱ ከገላው ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ የሰውነቱ ኃይል ሁሉ ወደ ራሱ ይወጣል። ግንባሩ ላይ ካላቻ፣ ማለትም የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው የክብር ጌጥ፣ ወደ ፊት ተቀስሯል። ዓይኖቹ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ናቸው፤ ነጭ፣ ክብ፣ የማይጨፈኑ። ጥርሱ አጥንት ነው። እንጨቱ በፀሐይና በዝናብ እየተሰነጠቀ ግራጫ ሲሆን ቅርፊቱና አጥንቱ ግን ነጭነታቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ዋካ ባረጀ ቁጥር እይታው እየሰላ ይሄዳል። እነዚህን ዓይኖች ፈልጎ ወደ አገር የመጣ ሁሉ ቱሪስት አልነበረም። ብዙ ዋካዎች ተሰርቀው ተሸጠዋል፤ የተረፉትን ለማዳን ከየመቃብሩ ተሰብስበው ካራት ከተማ ሙዚየም ውስጥ እንዲቆሙ ተደርጓል። ቅርጹ ዳነ፤ ከሟቹ ጋር የነበረው ጉርብትና ግን ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ሠሪዎቹ መናገር ግድ ነው።

እንግዳ ፍጥረት የሚሠራባቸው ነገሮች በዓለም ሁሉ ከጥቂት አያልፉም፤ ጭቃ፣ ቆዳና ቀንድ፣ ብረት፣ እንጨት። በአገራችን ከእነዚህ ሦስቱን የያዘ እጅ የተናቀ እጅ ነበር። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሐዲቾ፣ ቆዳ የሚፍቁት አዋቾ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ ይባላሉ። ገበሬው ልጁን ለእነሱ አይድርም፣ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ በማሰሯቸው ግን በየቀኑ ይበላል። በኮንሶም የእጅ ሙያተኞች ሐውዳ ተብለው ከአራሹ ተለይተው ኖረዋል። በሰሜኑ ደግሞ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። አስተውሉ፤ ማኅበረሰቡ እንግዳውን ፍጥረት በሠሪው ላይ ቀረጸው። ከእሳትና ከአፈር ዕቃ የሚያወጣ ሰው ራሱንም ወደ አውሬ መለወጥ ይችላል ብሎ ፈራ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። ስድቡ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከሐዋሳ ብዙ ሳይርቁ በጋብቻ ጊዜ ይነሣል።

የሸክላ ሠሪዋን ሥራ አንድ ጊዜ በርጋታ ያየ ሰው ይህን ንቀት መሸከም ይከብደዋል። አሽከርክሮ የሚሰጣት መንኰራኩር የላትም። አፈሩን ትፈጫለች፣ ታጣራለች፣ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ያለዚያ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ጭቃውን እየጎነጎነች ታሳድገዋለች፣ ዕቃው አይዞርምና እሷ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ትሄዳለች። አንድ እጇ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን ያሳሳሉ፤ ከውስጥ ያለውን እጅ አታየውም፣ ውፍረቱን በጣቷ ታውቀዋለች። ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፣ ሜዳ ላይ በሣርና በእንጨት ታቃጥለዋለች። ይህ ቅርጻ ቅርጽ ነው። የጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ለዓመታት የሚለማመደው፣ ቅርጽን ከውስጥ በመዳሰስ ማወቅ የሚባለው ነገር፣ እሷ ዘንድ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

አሁን ኤልያስ ስሜን ላምጣ። ኤልያስ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ተወለደ፤ ዛሬ አለ ፈለገ ሰላም በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ተመረቀ። ከዘይት ቀለምና ከእብነ በረድ ይልቅ የመረጠው ሰው ጥሎት የሄደውን ነው፤ ቁልፍ፣ ክር፣ ቆርኪ፣ ፕላስቲክ፣ ጭቃ። ትልልቅ ሸራዎችን በመርፌ እየሰፋ ለዓመታት ሠራ። ከአንትሮፖሎጂስቷና ኩሬተሯ መስከረም አሰግድ ጋር የዞማ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከልን መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፣ መስከረምና የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ በመሩት ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ ከመቶ በላይ ሥራዎቹ ታዩ። በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የስትራቪንስኪን «ኢዲፐስ ንጉሥ» በሴላርስ አዘጋጅነት ሲያቀርብ፣ መድረኩ ላይ የቆሙት ዙፋኖች የኤልያስ ነበሩ። ሰው ያልተቀመጠበት ዙፋን መድረክ ላይ ብቻውን ሲቆም፣ ራሱ አንድ የሚጠብቅ አካል ይሆናል። የጥንቱ የግሪክ ንጉሥ ታሪክ አዲስ አበባ ላይ በተሠራ ወንበር መነገሩ አያስደንቀኝም፤ ዋካን ያቆመች አገር ስለ ወደቀ ጀግና የምትናገረው አላት።

አንባቢዬ ሊያየው ቀላል የሚሆንለት ግን ዞማ ሙዚየም ነው። አዲስ አበባ መካኒሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ የቆሙት አያቶቻችን በሚያውቁት መንገድ ነው፤ እንጨት ማገር፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ ጭቃ። ጭድ ጭቃውን እንደ ጅማት አስሮ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ መቡካቱ ደግሞ ያጣብቀዋል። ይህን ሁሉ የጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ያውቃል። ኤልያስ የጨመረው ግድግዳው ዝም እንዳይል ማድረግ ነው። ጭቃው ይጠማዘዛል፣ ያብጣል፣ ይጎደጉዳል፤ ከአንዱ ጥግ ክብ ነገር ዓይን ሆኖ ይመለከታችኋል፣ ከሌላው የእባብ ይሁን የሥር ያልታወቀ መስመር ወጥቶ ይሄዳል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጥላው አቅጣጫ ስለሚቀይር ፍጥረቱም ይቀየራል። ጠዋት ጉድጓድ የነበረው ከሰዓት ሆድ ነው። «ይህ ምን እንስሳ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እዚያ መልስ የለም፤ ግድግዳው እንስሳ የሚሆነው እናንተ ስትራመዱ ነው።

በዓለም ላይ ስሙን ይበልጥ ያስጠራው ግን «ታይትሮፕ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራው ነው፤ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመድበት የተወጠረ ገመድ ማለት ነው። ጥሬ ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል። እዚያ ምናለሽ ተራ ገብቶ የማያውቅ ሰው አንድ ዕቃ ስንት ሕይወት እንዳለው አያውቅም። ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጎማው ጫማ፣ በርሜሉ መጥበሻ ይሆናል፤ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ከሌላ ዓለም አገልግሎቱን ጨርሶ የመጣ ኮምፒውተርም እዚያ ይፈታል፤ መዳቡ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ። ኤልያስ የሚፈልገው ብዙ ሰው የማይፈልገውን ነው፤ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎች። ሽቦውን ልክ እንደ ፀጉር ይጎነጉነዋል፣ ጉንጉኑን ጎን ለጎን እየደረደረ እንጨት ላይ ይመታዋል። እንጨቶቹ ሲገጣጠሙ ሥራው ብዙ ሜትር ይረዝማል።

ከሩቅ ሲታይ ብዙዎች ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ መሬት ነው ይላሉ፤ እርሻ፣ ወንዝ፣ ከተማ። እኔ ግን የምለው ቆዳ ነው። ጉንጉኑ በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ ፀጉሩ የተበጠረ ገላ፣ አቅጣጫ ሲቀይር ጡንቻ የተንቀሳቀሰበት ገላ ይሆናል። አረንጓዴው ከቡኒው ጋር ሲገናኝ የእንቁራሪት ጀርባ ነው። አንድ እርምጃ ስትጠጉ ግን እንስሳው ይጠፋና የኪቦርድ ፊደላት ብቅ ይላሉ፤ አንድ ሰው አንድ ቀን የፍቅር ደብዳቤ ወይም የብድር ማመልከቻ የጻፈባቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንስሳው ይመለሳል። የፒካሶ በሬ ላይ ያየነው መመላለስ እዚህ ግድግዳ ሙሉ ሆኗል፤ ልዩነቱ የፒካሶ ኮርቻ የአንድ ብስክሌት ሲሆን የኤልያስ ሽቦ የሺዎች ሰዎች የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ይህ ሥራ በ2019 በኒውዮርክ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ለብቻው ትልቅ ዐውደ ርእይ ተሰጥቶት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዘዋውሯል። በዚያው ዓመት ኤልያስ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2022 በቬኒስ ቢያናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ከተጋበዙት አንዱ ነበር።

ሌሎች አፍሪካውያንም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ናይሮቢ የተወለደችው ዋንጌቺ ሙቱ ከኬንያ ቀይ አፈር፣ ከወረቀት ገንፎና ከእንጨት ግማሽ ሴት ግማሽ ዛፍ የሆኑ አካላት ታቆማለች። በኒውዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ፊት ለፊት፣ የሕንፃው የፊት ገጽ ከተሠራበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዶ የነበሩትን አራት ማረፊያዎች በ2019 በነሐስ ሴቶቿ የሞላችው እሷ ናት። የቤኒኑ ሮሙዋልድ ሃዙሜ ደግሞ የነዳጅ ጀሪካንን ቆርጦ ጭምብል ያደርገዋል፤ መያዣው አፍንጫ፣ ማፍሰሻ ቀዳዳው አፍ። የኮንትሮባንድ ቤንዚን ሲጫንበት የኖረ ጀሪካን ስለሆነ ፊቱ ላይ ድካም ይነበባል። የሙቱ ሥራ ከሃዙሜ ሥራ ምንም አይመሳሰልም። ሁለቱም ግን ፍጥረቱን ከማሰባቸው በፊት አገራቸው ውስጥ የሚረገጠውንና የሚጣለውን ነገር በእጃቸው አንሥተዋል።

ኤልያስን ከሁሉ በላይ የማከብረው በዚህ ነው። ጭቃ የሐዲቾዋ ነበረ፤ እሱ ሙዚየም አደረገው። ጥልፍና ጉንጉን የሴት ሥራ ተብሎ ከጥበብ ተራ የወጣ ነበር፤ እሱ የዓለም ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብረትና መዳብ የቀጥቃጩ ነበረ፤ የመርካቶውን ፈቺና አጣማሪ ሥራ ሳይደብቅ፣ እያንዳንዱ ሽቦ የሰው እጅ እንደነካው እንዲታይ አድርጎ ሠራው። ዓለም ያጨበጨበለት ለአንድ ሊቅ ብቻ መስሎት ከሆነ ግማሹን አላየም። እንግዳዎቹ ፍጥረታት ለዘመናት ሲናቁ ከኖሩ ሙያዎች የወጡ ናቸው፤ ያስደነገጠን መልካቸው ሳይሆን፣ ዝቅ አድርገን ካስቀመጥነው ቦታ ተነሥተው ዓይናችን ትይዩ መቆማቸው ነው። የዞማን ግድግዳ እያደነቁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ የሚያጥላሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ሁለቱን አብሮ መያዝ አይቻልም።

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለ ጥበብ የጎደላት ነገር የለም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ የጨርቅ ቁርጥራጭ አለው፤ ሐይቁ ዳር ያለቀ መረብና የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ የባጃጅ ጋራዦች ያረጀ ብረት አላቸው፤ የቀርከሃ ቤት ሽመና ከሲዳማ ገጠር አልጠፋም። ወጣት ቀራፂ ይህን አንሥቶ ቢሠራ «ምንድን ነው?» ብላችሁ አትቅደሙት። መጀመሪያ ዙሩት፤ ቅርጽ በአንድ ጎን አያልቅም። ከዚያ ተጠግታችሁ ከምን እንደተሠራ እዩ፣ ተመልሳችሁ ራቁ፤ ዓይናችሁ የት ቦታ ላይ ዕቃውን ትቶ ፍጥረቱን እንደያዘ አስተውሉ። ያ ቦታ ላይ ነው የቀራፂው ውሳኔ ያለው። ልጆች ካሉአችሁ አስቀድሟቸው፤ እነሱ ስም ሳይፈልጉ ማየት ገና አልረሱም።

ለፍቼ ጨምበላላም ሆነ ለሌላ በዓል በዚህች ከተማ ዐውደ ርእይ የምታሰናዱ ሁሉ ግን አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። በኤልያስ ስሜ ሥራ ሥር በየሙዚየሙ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመትና የተጠቀመበት ነገር ተጽፎ ይገኛል። የሲዳማ እንስራ ለዕይታ ሲቀርብ «የሲዳማ ባህላዊ ዕቃ» ተብሎ ብቻ አይለፍ። ከሥሩ የሠሪዋን ሙሉ ስም፣ ቀበሌዋንና አፈሩ የወጣበትን ቦታ ጻፉ፤ በመክፈቻው ቀን ጋብዟት፣ ዋጋውንም ራሷ ትናገር።